ይሻው ጠመንጃ ሲመርጥ

በጉና ግርጌ ባለች አንዲት መንደር ይሻው ጠመንጃ ባነሣ ቁጥር ብልህ ብልሁ ሰው ኢላማው አጠገብ ሄዶ ይቆም ነበር። ከዚያ የበለጠ ከአደጋ የራቀ ቦታ አልተገኘምና።

በየዓመቱ ጥምቀት አልፎ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ በማግስቱ የመንደሩ ወንዶች ከሜዳው ዳር ቅል ሰቅለው ይተኩሳሉ። ቅሉን የመታ ሙክት ይሸለማል። ይሻው ከአባቱ በወረሰው ምንሽር ሦስት ዓመት ሞከረ። አንዴ አፈር መታ፣ አንዴ ሰማይ መታ፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የአያ ባዩን የገብስ ክምር መታ። ክምሩ የነበረው በሌላ በኩል ነው። የጨዋታው ዳኛም እኚሁ አያ ባዩ ስለሆኑ፣ ለከርሞ ከሳተ ከተኳሾች ሰልፍ ወጥቶ ለሌሎች ቅል ሰቃይ እንዲሆን በሰው ሁሉ ፊት ፈረዱበት።

ባለቤቱ ፈንታነሽ ለቅሉ ግድ አልነበራትም። ባሏ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ መውጣት ተወ፤ ማኅበር ሲጠራ እንኳ ከበሩ ሥር መቀመጥ ጀመረ። ስለዚህ ወይፈኑ ተሽጦ ደኅና ጠመንጃ ይገዛ ሲላት እሺ አለች። ወይፈኑን ያሳደገችው እሷ ናትና አብራው እንደምትሄድም ጨምራ ነገረችው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ጋሽ ሙላቴ የሚባሉ፣ በወታደር ቤት የኢላማ ተኩስ ያሠለጥኑ የነበሩ ጡረተኛ ሁለት ጠመንጃ ከነሕጋዊ ወረቀቱ ይሸጡ ነበር። አንዱ ረዥም፣ ሰደፉ በናስ ያጌጠ፣ ከላዩ መነጽር የተገጠመለት ነው። ሌላዋ አጭር፣ ሰደፏ በቆርቆሮ የተጠገነ፣ ጥይቷም ከባቄላ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ናት። የወይፈኑ ዋጋ ለአንዱ ብቻ ይበቃል።

ይሻው አመራረጥ ያውቅበታል። ባለናሱን ከትከሻው አንጠልጥሎ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንጎራደደበት፤ ከኋላ እንዴት እንደሚታይም ፈንታነሽን ጠየቃት። ትንሿን በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ለወፍ ናት ወይስ ለዝንብ አለ።

ጋሽ ሙላቴ ከከተማው ወጣ ካለ ገደል ወስደው፣ ሳንቃ ላይ በከሰል ነጥብ አድርገው፣ አፈሙዙን የገብስ ጆንያ ላይ እያስደገፉ በሁለቱም ደጋግሞ እንዲተኩስ አደረጉት። የባለናሱ የመጀመሪያ ጥይት ነጥቡን መታ። የቀሩት ሳንቃው ላይ ተበታተኑ፤ አንዱማ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የትንሿ ጥይቶች ሁሉም ነጥቡን በግራ ስተው፣ አንድ የካፖርት ቁልፍ በሚሸፍነው ቦታ ተጠጋግተው አረፉ።

«ይኸው!» አለ ይሻው ባለናሱን እየደባበሰ። «የመታው ይኸ ነው። ያች አንዴም አልነካችው።»

በመንደሩ ሕግ እንደሆነ እውነቱን ነው። እዚያ የሚሰቀለው አንድ ቅል፣ የሚተኮሰውም አንድ ጥይት ነው። አንዴ የመታ ሰው ሰባት ዓመት ይወራለታል፤ የቀሩት ጥይቶቹ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም።

ፈንታነሽ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳበሰች።

«ይቺ የምትስተው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያኛው ግን የት እንደሚስት ራሱም አያውቅ። የት እንደሚስት የማያውቅ እኛ ቤት አንድ አለ፤ ሁለት ምን ያደርግልናል?»

ጋሽ ሙላቴ ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው የትንሿን የኋላ ማነጣጠሪያ በመፍቻ ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉት። የሚቀጥለው ጥይት ነጥቡን በላው። ይሻው ትንሿን ገዛ። በጋቢው ሸፍኖ ሲወስዳት ግን ፊቱ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይመስል ነበር።

የተኩሱ ቀን አያ ባዩ አዩአት።

«ይሻው፣ እናቲቱን የት ጥለህ ነው ልጇን ይዘህ የመጣኸው?»

ሳቁ ሳያባራ ይሻው ተንበርክኮ ተኮሰ። ጠመንጃዋ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ያህል ቀጭ አለች። ቅሉ አልተሰበረም፣ አልወደቀም፤ ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ። ሜዳው እንደገና ሳቀ። አያ ባዩም የቅል መስቀያውን ገመድ ለአዲሱ ሰቃይ ሊያስረክቡ እጃቸውን ዘረጉ።

ፈንታነሽ ሴት በማይገባበት ሜዳ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቅሉን አውርዳ ለአያ ባዩ ሰጠቻቸው። ከፊቱ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ከጀርባው ሌላ ቀዳዳ ነበረበት። ሽማግሌው ዓይናቸውን አስጠግተው ቢያዩ፣ ወዲያ ማዶ ትንፋሹን ውጦ የቆመው ይሻው ታያቸው።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ነገሩ ከባድ ነበር፤ በጭራሮ ድምፅ ማን እልል ይላል?

«መምታቱንስ መትቷል፤ ከሰልፉም አይወጣም» አሉ አያ ባዩ በመጨረሻ። «ግን ያልተሰማ ተኩስ እንዴት ይቆጠራል? በሱ ፈንታ እኔ ላሰማለት።»

ክላሻቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው አንባረቁት። ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ወንዶቹም እየተሻሙ ሄደው የአያ ባዩን እጅ ጨበጡ፤ እንዲህ ያለ ተኩስ ከስንት ዘመን በኋላ ሰማን እያሉ።

ይሻው ሊከራከር አፉን ከፈተ። ፈንታነሽ ግን ሙክቱን በገመዱ ይዛ መንገድ ጀምራ ነበር።

«ና እንጂ» አለችው። «እልልታው ለሳቸው ይሁን። ሙክቱን ሳይመሽ እናግባ።»