የወተት ሻጯ ልጅ ሒሳብ

የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ሳንቲም አለ። ጅግጅጋ ላይ ሳንቲም የቀረው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። «ሁለት ሃያ አምስት ሳንቲም ስንት ይሆናል?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ከኋላ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ምን ይገዛል?» አለኝ። ምንም አይገዛም። እጅህን አውርድ አልኩት።

መቼም ማስተማሬ አይቀርምና የክፍል ሱቅ ከፈትኩ። ባዶ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ወረቀትና የዘይት ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። ከካርቶን ብር ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ለሁሉም አደልኩ። ቅዳሜና እሁዴን መቀስ በላው። ሰኞ የመጀመሪያው ደንበኛ መጣ፣ ብስኩቱን አነሳ፣ መዳፉን እንደ ስልክ ይዞ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ልኬልሻለሁ» ብሎኝ ወደ ቦታው ሄደ። ተከታዩም እንደዚያው። ሦስተኛዋማ ጭራሽ «ቁጥርሽ የት ነው የተጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ይፈረድባቸዋል? እዚህ ከተማ ጫት ሻጯም፣ ባለባጃጁም፣ መስጊድ ደጅ የተቀመጠው ለማኝም የሚቀበሉት በስልክ ነው። የእኔን የካርቶን ብር ዞር ብሎ ያየው የለም።

በዚያው ሳምንት የአንዷ ተማሪዬ እናት መጣች። ገበያ ላይ የግመል ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ስለሆነ ሰላምታ ላይ አይዘገይም።

«ልጄን ላወጣት ነው» አለችኝ።

«ምነው?»

እሷ ማንበብ አትችልም። ገዢው የራሱን ስልክ ያሳያትና «ይኸው ልኬያለሁ» ይላታል፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በኋላ የሚያነብ ሰው ፈልጋ ስታሳይ ሂሳቡ ጎድሏል። ልጅቷ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ተምራ ሠላሳንና ሦስት መቶን አትለይም። ታዲያ ትምህርቱ ምን ሊረባ? ጀሪካን ታጥብላት።

«ወላሂ መምህርት፣ አንቺ የምታስተምሪው ብር እኔ ገበያ አይመጣም።»

አንጀቴ አረረ። እውነቷን ስለሆነ ደግሞ ይብስ አረረ። ልጅቷ የፊት ዴስክ ላይ ሆና ሻርፗን በጥርሷ ይዛ ታዳምጠናለች። ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደጅ የምትገኘው እሷ ናት፤ እቤት የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። ጥቂት ጊዜ ስጪኝ ብዬ እናቲቱን ለመንኳት።

ሱቁን ዘጋሁና ካርቶኖቹን ስልክ አደረግኳቸው። እያንዳንዱ ላይ መልእክት ጻፍኩ፤ ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል የሚል። የልጅቷ ችግር ዜሮ ነበር። ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷም ቃሌን አክብራ እንደሌለ እየቆጠረች ትዘለዋለች። «ይህቺን ዜሮ ከዘለልሽ የእናትሽ ወተት በነጻ ሄደ በይ» ስላት ግን ደነገጠች። ከዚያ በኋላ አንዲት ዜሮ አላመለጠቻትም። በእረፍት ሰዓት እንኳ ስልኬን ተቀብላ የገባልኝን ታነብልኝ ነበር። ደሞዜን ስታነብ ዜሮ የዘለለች መስሏት ደግማ ቆጠረች።

እናቲቱ ወተት ይዛልኝ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«አወቀች! አላህ ይስጥሽ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ተቀምጣ ታነብልኛለች።»

ያኔ አላወቀችም ብላ ልታወጣት ነበር፤ አሁን ደግሞ አወቀች ብላ። ገና ማካፈል አልደረስንም ብላት፣ ወተት መሸጥ ማካፈል አይፈልግም አለችኝ። ይባስ ብላ እውቀቷን ላሳይሽ ብላ ስልኳን አወጣችና ልጅቷን ጠራቻት።

«ናያ!» አለቻት፤ በሶማሊኛ «አንቺ ልጅ» ማለቷ ነው። «ነይ፣ አንብቢላት!»

ሦስት መቶ ብር ይላል፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ልጅቷ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኩን አየች።

«ሠላሳ» አለች።

«እንዴ! ትናንት አንብበሽልኝ?»

«ሠላሳ ነው።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

የማያውቅ ልጅ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። ስልኩን ተቀበልኩና ደህና አድርጌ አየሁት።

«ገና ናት» አልኩ። «ዜሮ አልጸናላትም።»

«መቼ ይጸናላታል?»

«ስምንተኛ ክፍል።»

ወተት ሻጭ ናት፤ ውሃ የገባበትን ታውቃለች። ልጇን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«ጠዋት ማን ያነብልኛል?»

«ጠዋት ጥሬ ብር ለያዘ ብቻ ሽጪ፤ ጥቂትም ቢሆኑ አይጠፉም። ከሰዓት በኋላ እሷ ትመጣልሻለች።»

«ከሰዓት በኋላ አትሳሳትም?»

«አትሳሳትም።»

ልጅቷ ሻርፗን በጥርሷ ይዛ ቆማለች።

«አራተኛ ክፍል» አለች እናቲቱ።

«ስምንተኛ።»

«ስድስተኛ። መጨረሻው ነው» ብላ ስልኳን ከእጄ ወሰደች። እኔ እሺ ሳልል ልጅቷ ቦታዋ ሄዳ ተቀምጣ ደብተሯን ገልጣለች።