ማሽኑ ነው

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሬ ሳላዘው ጠፍቶ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ሰማያዊው ስክሪን መሃል ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ። ከሥራቸው አፕዴት እየተጫነ ነው፣ እንዳታጠፉት የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «በቃ ይሄ አይለቅም፣ ማኪያቶ ጠጥተን እንምጣ» ብላኝ ወጣች። እኔ አልተነሳሁም። የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ አቧራ የሚባል ነገር የለበትም፤ ግን ሸተተኝ።

የዚያ ሽታ ቤት ካዛንቺስ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ታች ሲወረድ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ ግቢ ውስጥ። ከሳሎናችን ጀርባ አባቴ «ቢሮዬ» የሚላት ጠባብ ክፍል ነበረች። መስኮቷን የጎረቤት ግንብ ስለጋረደው በቀንም አምፖል ይበራባታል። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ሞኒተር፣ ጠረጴዛው ሥር ደግሞ ሲሞቅ አቧራው የሚሸት ሲፒዩ ነበር። አባቴ ተርጓሚ ነበር፤ ከአፍ መፍቻው ከትግርኛም ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ ይመልሳል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ የትርጉም ቢሮ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ውክልና፣ የልደት ወረቀት ይልክለት ጀመር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ከቤት የማይወጣ ሰው ሆኖ ሳለ ከረባቱን አስሮ፣ እናቴን «በይ ደህና ዋይ» ብሎ ወደዚያች ጠባብ ክፍል ይገባል። እናቴም «ደህና ዋል» ትለዋለች። አንዳንዴ አንድ ቃል እምቢ ሲለው ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። ሲያገኘው ሎተሪ እንደደረሰው ሰው እጁን አጨብጭቦ ይመለሳል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን «ተገኘ?» ይለዋል ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ። «ተገኘ!»

እኔ ያኔ ክረምት ከበጋ ኮምፒውተር ሳይንስ እማር ነበር። ለግቢው ሰው ኮምፒውተር መማር ማለት ሬዲዮም፣ ሞባይልም፣ ቴሌቪዥንም መጠገን ስለሆነ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

የዚያ ዓመት ክረምት ገና ከመግባቱ ዝናቡ አላባራ አለ። ከእኛ በታች ያሉት ቤቶች ሊፈርሱ ነው ተብሎ ግድግዳቸው ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከረባቱ ላልቷል።

«ትናንት የሠራሁት የለም» አለኝ። «አንድ ሙሉ ውሳኔ። በላው።»

ገብቼ አየሁት። ስክሪኑ ላይ አፕዴቱ አልተሳካም፣ ለውጦቹን ወደ ነበሩበት እየመለስኩ ነው የሚል ጽሑፍ ነበር። አባቴ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ «የእኔንም ይመልሳል ማለት ነው?» አለኝ።

«አይ አባዬ፣ የራሱን ነው። ያንተን ጽሑፍ አይነካም።»

«እንዴት አይነካም?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። እናቴ በሩ ላይ ናት። «ነክቷል እኮ! ጠፍቶ እያየሽው? ማሽኑ ነው።»

እናቴ ኮምፒውተር አብርታ አታውቅም። እንዲህ አፏን ሞልታ ስለ ኮምፒውተር ስትናገር ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ሆኖም አላሰብኩበትም፤ የምጠግነው ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ጠቧል ብዬ እኔ ራሴ ያጨቅኩበትን ፊልም ሁሉ ደመሰስኩ። አፕዴቱ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ተስተካከለ። ለዓመታት ሳይጫን የተከማቸው ብዙ ስለነበር አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል። በማግስቱ ስመለስ ያው ጽሑፍ ጠበቀኝ፤ አልተሳካም። ሰዓቱን አየሁ፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ ሄዷል። ከሜክሲኮ ባትሪ ገዝቼ ቀየርኩ። እኔ ባለሁበት ሠራ፤ ስወጣ ተበላሸ። በፍላሽ የገባ ቫይረስ ይሆናል ብዬ ቅዳሜን በሙሉ ሳጸዳ ዋልኩ። ሰኞ ያው ነው። እያደር ማሽኑ ያስፈራኝ ጀመር። ስወጣ ጠብቆ የሚታመም ይመስለኝ ነበር።

እቤት ውስጥም አየሩ ተለውጦ ነበር። አባቴ ቢሮው ውስጥ ብቻውን በትግርኛ ያወራል፤ በሩን ስከፍት ዝም ይላል። አንድ ጠዋት ኮቱን ይዞ መሃል ቤት ቆመና «ያ... ልብስ የሚሰቀልበት... ምንድነው ስሙ?» አለ።

«መስቀያ» አለች እናቴ፣ አፉ ሳይዘጋ።

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቃል ሲያገኝ የሚያጨበጭበው ሰውዬ አላጨበጨበም።

ሌላ ቀን ደግሞ ለገሃር ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሊመሽ ሲል አንድ የሚያውቀን ሰው ሜክሲኮ አደባባይ ዝናብ ላይ ቆሞ አግኝቶት ይዞት መጣ። ጫማው ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል። «ታክሲው መንገድ ቀየረ» አለን። እናቴ እግሩን በፎጣ እያደረቀች «የዛሬ ረዳት ምኑ ይታመናል?» አለች። ረዳቱ ነው። ማሽኑ ነው። በዚያ ክረምት ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ነበር።

የትርጉም ቢሮው ስልክ ሲደውል ደግሞ እሷ ናት ቀድማ የምታነሳው። «ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ ነው፣ ትንሽ ታገሱን» ስትል እሰማለሁ።

በመጨረሻ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ይሄ የመብራት ነገር ነው፣ መሃል ላይ እየተቋረጠበት ነው» ብሎ ዩፒኤስ አዋሰኝ። ገጠምኩት። አሁን መብራት ቢሄድ እንኳ ማሽኑ አይጠፋም። በማግስቱ ስመለስ ግን አልተሳካም የሚለው ጽሑፍ እንደ ወትሮው ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ ዛሬ መብራት ሄዶ ነበር?»

«ሄዶ ነበር» አለች ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ብዙ ቆየ።»

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ልብስ ሰፊውን እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቅኩት። «መብራት?» አለኝ። «ኧረ ዛሬስ ውለታ ውሎልኛል! አንዴም ሳይሄድ ስሰፋ ነው የዋልኩት።»

ባልዲዬ ሞልቶ እስኪፈስ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ የምትዋሽ ሰው አልነበረችም። ለታክሲ ረዳት እንኳ ዋሽታ አታውቅም። ያን ምሽት እራት ስንበላ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

በማግስቱ ደብተሬን ይዤ እንደ ወትሮው ወጣሁ። ታክሲ ተራው ጋ ደርሼ ብዙ ቆምኩና ተመለስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር በሩን ስከፍት የሰማኝ የለም። አባቴ ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። የቢሮው በር ክፍት ነው።

እናቴ ኮምፒውተሩ ፊት ቆማለች። እጆቿን ሽርጧ ላይ አጣምራ፣ እንደ ጸሎት ሰው፣ ነጫጮቹን ነጠብጣቦች ትመለከታለች። ሰማያዊው ብርሃን ፊቷን የማላውቀው ሰው ፊት አስመስሎታል። ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገመዱን ከዩፒኤሱ ጀርባ ይዛ ሳበችው። ስክሪኑ ጨለመ። የማሽኑ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ። መልሳ ሰካችው፣ ቁልፉን ተጫነችው፣ አልተሳካም የሚለው ጽሑፍ እስኪመጣ ጠበቀችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እማዬ።»

ዞረች። አልጮኸችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ የመኝታ ቤቱን በር ቀስ ብላ ዘጋች፤ ክንዴን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አልኳት። «እኔ ክረምቱን ሙሉ ስለፋ! ደግሞ እኮ ጽሑፉ ሊጠፋ ይችላል...»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ምን ጽፎ ነው የሚጠፋው?»

ደብተሬን ታቀፍኩ።

«ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው» አለች ወደ ምድጃው እያየች። «ሻይ ይዤለት ስገባ ከጠዋት ጀምሮ አንድ መስመር ነው ያለው። ያንኑ መስመር ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ጽፎታል። አየኝና ‹ጭንቅላቴ ከዳኝ› አለኝ። ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። አባትሽን እንደዛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምሳ የለ፣ እራት የለ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያ ጽሑፍ ወጣ። አነበበውና ሳቀ። ‹ለካ ማሽኑ ነው! እኔ እኮ ያበድኩ መስሎኝ› አለ። ያን ቀን አስጨምሮ በላ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እና እኔ ምን ላድርግ? መብራቱ ሁልጊዜ አይሄድልኝ።»

«ሐኪም ማየት አለበት» አልኳት።

«ያያል። አዲስ ዓመት ይግባ። እስከዛ ማሽኑ ይታመም።»

አባቴ ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ መጣ። ደብተሬን እንደታቀፍኩ አየኝ። «ዛሬ ቶሎ መጣሽ» አለ፤ ቀጥሎ በጉጉት፣ ልጅ ነገር ሆኖ «ተሠራልሽ?»

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ድስት ታማስላለች። ማማሰሏን አቆመች።

«አልተሠራም አባዬ» አልኩ። «ማሽኑ ነው።»

ትከሻው ሲወርድ፣ ፊቱ ሲፈታ አየሁት። ማማሰያው እንደገና ድስቱን መታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተር ማበላሸት ተማርኩ። በገመድ ሳይሆን በዘዴ፣ ማንም እንዳይነቃ አድርጌ። በክፍል የተማርኩትን ሁሉ ገልብጬ ተጠቀምኩበት። ዩፒኤሱን ለጓደኛዬ ስመልስለት «ተፈታ?» ሲለኝ «ተፈታ» አልኩት።

ጳጉሜን ገባ። ፀሐይና ዝናብ በሚቀላቀሉበት በአንዱ ከሰዓት እናቴ ለአባቴ ጠበል ልታመጣ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔና እሱ ቢሮው ውስጥ ነበርን። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ። ስክሪኑ ላይ ያ ጽሑፍ አለ። አላነበበውም። ዞሮ እኔን ያየኝ ጀመር።

«ልጄ» አለ። «ይሄ ነገር የእኔን ጽሑፍ ሊበላ ይችላል?»

«ማለቴ... አንዳንዴ...»

«አይችልም። መጀመሪያ ቀን ነግረሽኛል፤ የራሱን ነው የሚመልሰው ብለሽ።» ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር፣ ቃል አግኝቶ ከግቢው የሚመለሰው ሰውዬ ድምፅ። «ጥሩ ነው የተማርሽው። እኔ አውቀዋለሁ። ከየት እንደሆነ አውቀዋለሁ።» ግንባሩን በጣቱ ነካ አደረገ። «እናትሽ ግን ማሽኑ ነው ብላ አምናለች። ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት በሱ ነው። ስለዚህ አንቺ ለሷ...» ቃሉ ጠፋው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠበቅኩት። ላቀብለው ፈልጌ የትኛው ቃል እንደሆነ አላወቅሁም። «በቃ እንደዛው በያት» አለ በመጨረሻ። «ትደነግጣለች።»

የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ የጠበሉን ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና፣ ራሷ ረጥባ ገባች። አባቴ ተነስቶ እርጥቡን ነጠላ ከትከሻዋ አነሳላት።

«ማሽኑ እንዴት ዋለ?» አለችው።

«ያው ነው። አመሉን አልተወም።»

«ተወው፣ ይረፍ። አንተም እረፍ። ና እዚህ።»

ጎንበስ አለላት። ጠበሉን መዳፏ ላይ አፍስሳ ሽበቱን አበሰችው። ዓይኖቹን ጨፍኖ ቆመ። እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁ፤ ማድ ቤት ውስጥ ግን ክብሪቱን ይዤ ቆምኩ እንጂ አልጫርኩትም።

አዲስ ዓመት ገብቶ ሐኪም አየው። ከረባቱን አስሮ ሄደ። ሐኪሙ እስክሪብቶ እያሳየ «ይሄ ምንድነው?» ሲለው በትግርኛ መለሰለት፣ በጨዋ ድምፅ፣ እንደ ትክክለኛ መልስ። መድኃኒት ተሰጠው። የትርጉም ቢሮው ሥራ መላኩን ተወ። የታችኞቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ዶማውና የማፍረሻ ማሽኑ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቶ እኛም ጋ ደረሰ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን። አባቴ እዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት «በይ ደህና ዋይ» ይላታል፤ የትም ሳይሄድ። እሷም «ደህና ዋል» ትለዋለች። ስሜን ከረሳ በኋላ እንኳ ይህችን አልረሳም ነበር።

ሲያርፍ ሕመሙ ረጅም ስለነበር ሰው ሁሉ «ተገላገለ» አለን። ከሠልስቱ በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ እናቴ ጠራችኝ። የድንኳኑ ወንበር እየተነሳ ነበር። ፍራሹ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። እጇ እንደ ወረቀት ቀልሎ ነበር።

«ካዛንቺስ እያለን...» አለች በሹክሹክታ። «ያ ማሽን። አላወቀም፣ አይደል?»

ዓይኖቿን አየኋቸው። ከልቅሶው ብዛት አብጠዋል፤ ግን ጥግ ላይ አንዲት ኩራት ነበረች፣ ከባድ ዕቃ ሳትሰብር ተሸክማ ያደረሰች ሴት ኩራት።

«አላወቀም እማዬ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። እንቅልፍ ወሰዳት።