ግንባሩን ያዘነበለው ልጅ

ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ የሄድኩት የልጅ ልጄን ለመያዝ ነበር። ምራቴ አስተማሪ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ስላለቀ ሕፃኑ ከእኔ ጋር ይውል ጀመር። ጥርስ ሊያወጣ የደረሰ፣ ለሃጩ የማይቆም ልጅ ነበር፤ አንገቱ ስር የማስርለት ጨርቅ ወዲያው ይርሳል።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሕፃን ሲመርቅ «እትፍ እትፍ» ይላል። እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለልጆቼ ያልነው ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ግንባሩ ላይ እንዲያ እያልኩ እመርቀው ነበር።

አንድ ቀን አፉ ዙሪያ ቀላ፤ እስከ አገጩም ሽፍ አለ። ምራቴ ከሥራ ስትመለስ አየችው።

«እማማ፣ ዛሬም ተፉበት?»

«መረቅሁት።»

«እሱኑ እኮ ነው የምልዎ። የትልቅ ሰው ምራቅ ለሕፃን አይሆንም። ይኸው ፊቱን አነደደው።»

ልጄ ከተቀመጠበት ሳቀ። «እማዬ፣ ምርቃትሽ ሚጥሚጣ አለው እንዴ?»

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሳምንት ሞግዚት ተቀጠረች። «እርስዎ ይረፉ» ተባልኩ። ሕፃኑ ከማዶ እጁን ሲዘረጋልኝ ሞግዚቷ አንስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንዲያ እንድታደርግ ታዝዛ ነበር።

እኔ ሳልነካው ሽፍታው ባሰ። ጤና ጣቢያ ሲወስዱት አብሬ ሄድኩ። ነርሷ አገጩን ቀና አድርጋ አየችው።

«የራሱ ለሃጭ ነው። ጥርስ ሲያወጡ ያለ ነው። ሳትፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁለት፤ ቫዝሊን ቀቡት።»

ምራቴ «እሺ» አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። በባጃጅ ስንመለስ የተወራው ስለ ቫዝሊን ብቻ ነው። አገጩ ጠራ፤ ሞግዚቷ ግን አልተሰናበተችም፤ ልጁንም አላቀፍኩም።

በኋላ የምራቴ እናት ከእስቴ ልትጠይቃቸው መጣች። ምራቴ በእንግዳዋ ፊት ሕፃኑን ይዛ ጉልበቴ አጠገብ ቆመች።

«እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ።»

ልጁ አልረሳም። ግንባሩን ወደ እኔ አዘነበለ።

እጄን ከነጠላዬ ውስጥ አላወጣሁም። «እደግ» አልኩት።

«ምነው፣ እትፍ አይሉትም?» አለች እናቷ።

ምራቴ አንገቷን ደፋች።

«ምርቃት እንዲህም ይደርሳል» አልኩ።

ሕፃኑ ግንባሩን እንዳዘነበለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሞግዚቷ ተቀበለችው። በነጋታው ወደ አገሬ ስማዳ፣ ወደ ወገዳ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈርኩ።