ቶጎን የጎበኘሁ ጊዜ

በስደት ከቆየንባት ከቶጎ ዋና ከተማ ከሎሜ የወጣሁ ማታ ወንድሜ ሳሚ ሻንጣዬን እስከ ኤርፖርቱ በር ተሸክሞ፣ «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እከተላለሁ» አለኝ። ቪዛ የመጣው ለእኔ ብቻ ነበር። እኔ ሞኟ አምኜው ሄድኩ።

አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገባሁ። ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ሁለት ሺፍት እሠራለሁ፤ በተረፈችኝ ሰዓት ለነርስ ረዳት ፈተና አጠናለሁ። ሳሚ በየወሩ ኮል ያደርግልኝ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። አራት ወር ጠበቅኩ። በቃ፣ ሄጄ እፈልገዋለሁ አልኩ።

የቶጎ ኤምባሲ የቪዛው ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ፣ «የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«ጉብኝት።»

«ስደተኛ ነሽ ይላል እኮ።»

«ታዲያ ስደተኛ ባሕር አያምረውም?»

ገላመጠኝና ማኅተሙን መታልኝ።

በአበሻ ቸርቻችን ውስጥ ቶጎ ልሄድ ነው ስል፣ ከሳን ሆዜ የሚመጡት ሴቶች ሳይቀሩ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በርቺ ልጄ» አሉኝ። ወይ ሲወዱኝ! አልኩ በልቤ።

ሎሜ ሁለት ቀን ባሕሩ ዳር ዞርኩ። ዓሣ አጥማጆቹ እየዘፈኑ መረብ ይጎትታሉ፣ ፈረንጆች አሸዋው ላይ ተጋድመዋል፣ እኔ የወንድሜን ፎቶ ይዤ እለምናለሁ። አንዱ አጥማጅ አወቀው፦ ፓሊሜ የምትባል ከተማ፣ ተራራው ላይ፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አለኝ። በታክሲ ወጣሁ። ፏፏቴው፣ ጫካው፣ የቡናው ተክል፤ ጅማ የገባሁ መሰለኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ።

የማረፊያው ባለቤት ፎቶውን አየች። እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አፈሩ ላይ ሣር በቅሏል።

«ወባ ነው። ሦስት ቀን አልቆየም» አለች። «ከዕቃው ውስጥ ባገኘሁት በቸርችሽ አድራሻ ጽፌ ነበር፤ አልደረሰም እንዴ?»

ደርሶ ኖሯል! ስመለስ ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብለን ነው» አሉኝ። «ኋላ ቶጎ ልሄድ ነው ስትዪ፣ አንዱ አርድቷታል፣ መቃብሩን ልታይ ነው አልን።»

ሰማችሁ? አንዱ በሌላው ሲያሳብብ፣ መርዶዬን የማላውቃት ሴት አረዳችኝ። «እናንተም ወገን ሆናችሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ እድሜ ባለ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

በማግስቱ ናዝሬት፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ልነግራት ነበር፤ በስመ አብ፣ ልነግራት ነበር።

«አገኘሽው?» አለችኝ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ።

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

«ከስቷል?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ ምነው አይደውል?»

«ተራራ ላይ ነው ያለው፤ ስልክ የለም።»

«ውይ ልጄን፣ ብርድ እንዳይመታብኝ! ሹራብ ላኪለት እንጂ።»

«እልክለታለሁ» አልኳት።