ፍላጾቼ ያለ እኔ አይሄዱም

880 የሚባለው የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና በተዘጋጋ ቁጥር እቀናለሁ። ሰው መንገድ ሲዘጋበት ይናደዳል እንጂ አይቀናም፤ እኔ ግን እቀናለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ኒውአርክ ካለው መጋዘን ሥራ ሲጨርስ ወደ ሳን ሆዜ ይወርድና የአክስቴን ልጅ ይዞ እኛ ጋ ኦክላንድ ይመጣል። መንገዱ ከተዘጋ ከአባቴ ጋር የምታወራበት ጊዜ ይረዝማል ማለት ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ እሷ ጋቢና ተቀምጣ፣ በማላውቀው ቀልድ ከአባቴ ጋር እየሳቀች ከች ትላለች። ከዚያ ወደ ቀስት መለማመጃው ስንሄድም እኔ ከኋላ፣ ከቀስቶቹ ጋር።

የአክስቴ ልጅ እኩያዬ ናት። ቁመታችን እንኳ አንድ ነው። ልብሴ ልኳ ነው፤ ይባስ ብሎ እሷ ላይ ያምራል።

ቀስቱን የጀመርነው የአባቴ የሥራ ባልደረባ አጋዘን በቀስት ስለሚያድን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሲያወራለት ሲያወራለት አባቴም ላይ ተጋባበት። ሰውየው ያረጁ ቀስቶቹን ሰጠን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ የአደን ኮርስ ወስደን ፈቃድ አወጣን። ከኦክላንድ በላይ ኮረብታው ላይ፣ ዛፎቹ መሀል፣ የቀስት መለማመጃ አለ። ቅዳሜያችን እዚያ ያልቃል።

የቀስት አደን የሚከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው! የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። «ቀኑን ያወጡት ሰዎች የኛን ባሕረ ሐሳብ አይተው ነው እንዴ?» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ነው ሆዴን ያቃጠለው።

«አንዳችሁን ብቻ ነው የምወስደው።»

«ለምን?»

«ሁለት ኮረዳ ይዞ አደን የሚወጣ ማን ነው? ሹክሹክታችሁን አጋዘኑ ሳክራሜንቶ ሆኖ ይሰማዋል። የተሻለችው ትሄዳለች።»

የተሻለችውማ ማን እንደሆነች ዛፎቹም ያውቃሉ።

የእሷ ፍላጾች ካርቦን ናቸው። እናቷ አዲስ የገዛችላት፣ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ሲይዟቸው የሌሉ የሚመስሉ። የእኔ አልሙኒየም ናቸው፤ ከአሮጌው ቀስት ጋር አብረው የመጡ፣ ቀለማቸው የተፋፋቀ። ካርቦን ቀላል ስለሆነ ፈጥኖ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አልሙኒየም ከባድ ነው፤ ሲርቅ ወደ ታች ይወርዳል። ካርቦን ወይ ቀጥ ያለ ነው ወይ የተሰበረ፤ መሀል የለውም። አልሙኒየም ግን ይጎብጣል፤ የጎበጠው ደግሞ ወዳሻው ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ከመልቀቄ በፊት ፍላጻዬን መዳፌ ላይ አሽከረክረዋለሁ፤ ከተንቀጠቀጠ ጎብጧል። እሷ ደግሞ የእሷን ጆሮዋ ሥር ይዛ ለመጥ ታደርገውና ታዳምጣለች። ቅጭ ካለ ውስጡ ተሰንጥቋል። ልክ ስልክ እንደምታናግር።

«ማን ነው የደወለልሽ?» እላታለሁ።

«አጋዘኑ። ‹እሷን እንዳታመጪብኝ› አለኝ» ትላለች፣ በእንግሊዝኛ። አማርኛ አንድም አያመልጣትም፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

አባቴ ይስቃል። ከዚያ ትለቃለች፤ ትመታለች። አባቴ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ይላል። እኔ ስመታስ? «ጥሩ ነው።» ጥሩ ነው! ጥሩ ነው የሚባለው ለአየር ጠባይ ነው። ልጁ እኮ እኔ ነኝ። ያቺ እሰይ የምትባል ቃል የእኔ ተራ ሲደርስ የት እንደምትገባ እንጃ።

ጥፋቱን ሁሉ በፍላጾቼ አሳበብኩ። «አባዬ፣ ለእኔም ካርቦን ይገዛልኝ» ስለው «በያዝሽው ልመጂ» አለኝ። አልሙኒየሞቼን ጠላኋቸው።

ጾሙ ሊፈታ ሲል በነበረው ቅዳሜ ደግሞ ጭራሽ ባሰ። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ፍላጻ መሀል ለመሀል ሰካችው። ሁለተኛው ሄዶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመጀመሪያውን ጅራቱን መትቶ ሰነጠቀው። መለማመጃው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባቴማ አቅፎ አሽከረከራት። የተሰነጠቀውን ፍላጻ «ይሄ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» ብሎ ይዞት ገባ። እኛ ቤት! የእኔ ፎቶዎች ያሉበት ግድግዳ ላይ!

እናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አገኘችውና «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብላ ስታነሳው «ውይ!» አለች። ከስንጥቁ ጸጉር የምታህል ጥቁር ስንጥር ጣቷ ውስጥ ገብታለች። እኔ በወረንጦ ለቀምኩላት።

«አንተ» አለችው አባቴን፣ «ይሄ አጋዘኑ ውስጥ ቢሰበርስ?»

«ዙሪያውን ቆርጦ መጣል ነዋ። ባልደረባዬ እንደዛ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲያው ባልደረባህ ይብላው! እኔ ሥጋ ውስጥ ጸጉር ስለቅም አልውልም። ይሄ የነካው ነገር ድስቴ ውስጥ አይገባም። ሳይባረክ የሞተም በክት ነው፤ እሱንም አልነካ።»

«ይባረካል። ከመልቀቋ በፊት በስመ አብ ትላለች።»

«እሺ። ፍላጻውስ?»

አባቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስንጥቅ አየ። ከዚያ ጥግ ላይ የቆሙትን የእኔን አየ። አልሙኒየም ይጎብጣል እንጂ ጸጉር አያወጣም፤ አልሙኒየም ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ!

«በቃ» አለኝ አባቴ፣ «ታውሻታለሽ። ቁመታችሁ አንድ፣ የቀስታችሁ ጉልበት አንድ፤ ይሆኗታል። ትንሽ ትለማመድባቸው።»

ጋቢናውን ወሰደች። እሰይን ወሰደች። አሁን ደግሞ ፍላጾቼን። ስጠላቸው የከረምኩት አሮጌ አልሙኒየሞች በዓለም ላይ እንደነሱ ያማረ ነገር የሌለ መሰሉኝ።

«ፍላጾቼ ያለ እኔ አይሄዱም» አልኩ።

«ምን?»

«አይሄዱማ! የጎበጠውን ከቀናው የምለየው እኔ ነኝ። እነሱ ከሄዱ እሄዳለሁ።»

እናቴን ሳቋ አመለጣት። «ምን አጠፋች? ባለቤቲቱን ትቶ ዕቃዋን መውሰድ አለ እንዴ? ውሰዳት እንጂ።»

አባቴ ራሱን አከከ። «እሺ፣ ትሄጃለሽ። የምትለቀው ግን እሷ ናት። ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

እስከዚያ ድረስ ሁለት ሥራ ተሰጠኝ፤ አልሙኒየሙ ምን ያህል እንደሚወርድ ላሳያት፣ በስመ አብ ደግሞ ላስጠናት። ሁለቱንም ቶሎ ቻለችው። ምን ይደረጋል።

የምናድነው ከሳን ሆዜ ጀርባ ባሉት ኮረብታዎች ስለነበር የአደኑ ቀን መንገዱ ተገለበጠ፤ ከኦክላንድ ተነስተን እሷን እናነሳለን። ጋቢና ማን ተቀመጠ? እኔ! ከአባቴ ጋር ብቻችንን! ገና ጎህ ሳይቀድ ነበርና 880 ጭልጥ ያለ ባዶ ነበር። ሳን ሆዜ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ደረስን።

ኮረብታው ላይ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተደብቀን ተቀመጥን። ፀሐይ ብቅ ስትል ከዳገቱ ሥር አጋዘን ወጣ፤ ወንድ፣ ቀንዱ የአደን ሕጉ እንደሚጠይቀው ለሁለት የተከፈለ፣ እየጋጠ። አባቴ ጣቱን ቀሰረ። ፍላጾቹን አንድ በአንድ እያየሁ በጣም የቀናውን መርጬ ሰጠኋት። ብትስት በእኔ ፍላጻ እንዳታመካኝ።

የአክስቴ ልጅ ቀስቱን ሳበች። እጇ ንቅንቅ አይልም። እውነቱን ለመናገር ታምር ነበር። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ ልክ እንዳስጠናኋት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፦

«በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ—»

አጋዘኑ «ወወልድ» ላይ ጆሮውን አቆመ። «አሜን» ላይ የለም። ፍላጻው ደርሶ እሱ የነበረበት አፈር ላይ ተተከለ።

«በልብሽ እኮ ነው!» አለ አባቴ።

«በልብሽ አላልከኝም!» አለች፤ በአማርኛ።

እኔ ድምፄ እንዳይሰማ ታዝዣለሁና አፌን በጃኬቴ ይዤ ተንከባለልኩ። ከዚህ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አባቴ ወርዶ ፍላጻውን ነቀለ። ጫፉ ላይ ያለውን የአደን ምላጭ ፈታ፣ አፈሩን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ እኔ እንደማደርገው መዳፉ ላይ አሽከረከረው። ንቅንቅ አላለም። ድንጋያማውን አፈር መትቶ ትንሽ እንኳ አልጎበጠም። ፊቱ በራ።

«እሰይ!» አለ። «እሰይ የኔ ልጅ!»

ሁለታችንም ቀና አልን። አባቴ የሚያየው ፍላጻውን ነው።

«ለእኔ ነው ለአንቺ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ለአልሙኒየሙ።»

ማግስቱ እሑድ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን አብራን ልትሄድ እኛ ጋ ታድራለች። መኪናው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ወደ ጋቢና ሮጥን፤ በሩን ተናነቅንበት። አባቴ ሲሰለቸው የፍላጾቹን መያዣ ጋቢና አስቀምጦ ቀበቶ አሰረለትና ሁለታችንን ወደ ኋላ አባረረን።

880 ተዘጋግቶ ነበር።