የነመራ መኪና ፍሬን

በጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር መካኒኩን ማዘንጊያን የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ፣ ነገረኛ፣ ግን መኪና አይቶ የማይዋሽ ሰው ነው። ባለመኪናው ሰበብ ሲደረድርለት፣ «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ንስሐህን ተወውና ኮፈኑን ክፈት» ይላል።

በዚያ ክረምት የሾፌሩ የነመራ አሮጌ የናፍጣ መኪና ፍሬኗ ደነደነ። ማዘንጊያ ከፓምፑ ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን የአየር ቱቦ ፈተሸ፤ አልተቀደደም። ሞተሩን አስነስቶ ቱቦውን ነቀለና የፓምፑን አፍ በአውራ ጣቱ ደፈነ። ደህና ፓምፕ አየር ሲስብ ጣት ጨምድዶ ይይዛል፤ ይሄኛው ጥርስ እንደሌለው ሕፃን ጠባ አድርጎ ለቀቀው።

«ፍሬኑን የሚያግዘው ፓምፕ ደክሟል» አለው ለነመራ። «ሜዳ ላይ ትቆምልሃለች። ቁልቁለት ላይ ግን ደጋግመህ ስትረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ንቅንቅ እንዳትል።»

ዝናቡ የአዲስ አበባውን መንገድ ቆርጦት ዕቃው ሁለት ሳምንት ዘገየ።

አንድ ጠዋት የማዘንጊያ እህት ባል፣ ወሰኔ፣ ቢላ ከምትባል መንደር በበቅሎ ሲጋልብ አድሮ ደረሰ። ሚስቱ የሺወርቅ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጎረቤት በቃሬዛ ይዟት ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት መንገድ ጀምሯል። መኪና ቢቀበላቸው ትተርፍ ይሆናል። ሌሎቹ መኪኖች ከተቆረጠው መንገድ ማዶ ስለቀሩ ከተማው ውስጥ ያለችው የነመራ ብቻ ናት።

ማዘንጊያ ሮጦ ሞተሩን አስነሳ፤ የፓምፑን አፍ በጣቱ ደፈነ። ያው ነው። ቀኙን ትቶ በግራው ሞከረ። ያው ነው። በዕድሜው እንደዚያ ቀን የገዛ እጁን ጠልቶ አያውቅም።

«ኦቦ ማዘንጊያ፣ ማል ጄታ? ምን ትላለህ?» አለ ነመራ ቁልፉን ይዞ። «ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ።»

ማዘንጊያ ብቻውን ቢሆን ራሱ ይነዳት ነበር። ግን ስትመለስ ያን ሁሉ ቁልቁለት የምትወርደው የሺወርቅን ጭና ነው።

«አትቆምም» አለ።

«በሽታዋን ካወቅኸው አብጃታ!» ብሎ ጮኸ ወሰኔ። «ታዲያ ምኑን መካኒክ ሆንክ?»

በቅሎዋ ዝላለችና ማዘንጊያና ወሰኔ ጭቃውን በእግራቸው ተያያዙት። ከሰዓት በኋላ ማዘንጊያ ከአንድ ወንዝ ማዶ ቃሬዛውን ሲያይ ደስ ብሎት እጁን አውለበለበ። ተሸካሚዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ ቢላ መልሰዋል፤ የሚቸኩልም አልነበረም።