ያላየሁት ጀርባ

የሽማግሌውን እግር በየቀኑ አጥቤያለሁ። ማንም ሳያዘኝ፣ ሳፋ ሞልቼ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ተረከዛቸውን በመዳፌ ይዤ። ጣታቸውን አንድ በአንድ አድርቄ ክሬም ቀብቻለሁ። የሞቱ ዕለት እንኳ ተረከዛቸው የሕፃን ተረከዝ ይመስል ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው የምመካበት ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው። ጀርባቸውን ግን አላየሁም። የገደላቸውም አለማየቴ ነው።

ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሽንት ቤት ሳጸዳ ኖርኩ። የረዳት አስታማሚነቱን ሥልጠና፣ አውስቢልዱንጉን፣ የጀመርኩት ወገቤ አላሠራ ሲለኝ ነው፤ ሰው ማንሳት ባልዲ ከማንሳት የሚቀል መስሎኝ። ሞኝ!

አስተማሪያችን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርሷን አይተን የማናውቅ ሴትዮ ነበረች። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት ትላለች። ስታገላብጡት ልብሱን ገልጣችሁ ጀርባውን፣ ወገቡን፣ መቀመጫውን በዓይናችሁ እዩ። የቀላ ቦታ ካለ በጣታችሁ ጫን አድርጉና ልቀቁት። ነጥቶ ከተመለሰ ተመስገን ነው። እንደቀላ ከቀረ ግን ከሥር ሥጋው መሞት ጀምሯል። ካንዳችን «ሕመምተኛው አትንኩኝ ቢልስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። «ታባብላላችሁ፣ ታስረዳላችሁ፣ ሰው ትጠራላችሁ። ሳታዩ ግን አትፈርሙም» አለች። ደብተሬ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ ደብተሩ አሁንም አለ።

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበርኩ። ቁጡ ነኝ፣ ምላሴም አያርፍም፤ ይህ ሥራ ደግሞ እንደኔ ላለ ደረቅ የተሠራ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል ያለችው ጀርመናዊት አሮጊት ገና በሩን ስከፍት «ሰይጣኗ መጣች!» ብላ ትጮኻለች። «አዎ መጣሁ፤ አንቺን ሳልወስድ አልሄድም» እላታለሁ። እሷ ስትራገም እኔ አንድ እጄን ትከሻዋ ላይ፣ አንድ እጄን ዳሌዋ ላይ አድርጌ፣ በቋንቋዋ አያቴ ለማለት «ኦማ፣ አንዴ ወደ ጎን!» ብዬ ግልብጥ። ልብሷን ገለጥ፣ አየት፣ ጫን፣ ልቀቅ። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነች፤ ጀርባዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም።

ሽማግሌው የመጡት ቅጠል ሲረግፍ ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ጀርመን ገብተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ በዚያው ቀርተው፣ መሐንዲስ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ሽባ አደረገው። የባሰው ግን ሃምሳ ዓመት የተናገሩትን ጀርመንኛ ጠርጎ ወሰደባቸው፤ የቀረላቸው አማርኛው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማንንም አላስጠጋ አሉ። ሊያጥቧቸው የገባውን ሁሉ በደህና እጃቸው እየገፉ አንጀት የሚበጥስ ስድብ ያወርዱበታል። ባልደረቦቼ ምን እያሉ ነው ብለው ሲጠይቁኝ «እንደምን አደራችሁ ነው የሚሉት» እያልኩ ዋሸሁላቸው።

ከዚያ እኔ ተላክሁ። «ደህና አደሩ አባባ?» ስላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አያውቁትም፣ ግን የሚያውቁት ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርድ ልብሱን ላነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ልጄ የምትሆኚ ሴት ነሽ። ኀፍረቴን ልታዪ ነው?»

እጄ ራሱ ወረደ። በትምህርት ቤት ይህን የጠየቀን የለም። የገዛ አባቴን ከደረቱ በታች አይቼው አላውቅም፤ ታሞ የተኛ ጊዜ ያጠቡት ወንድሞቼ ናቸው፣ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሙቅ ውኃ አቀብል ነበር። እና እኚህን ባለ ነጭ ፂም ሰው እንዴት አድርጌ ኦማን እንደምገለብጥ ልገልብጣቸው? በስመአብ!

እንዲህ ተስማማን። የገላ ጨርቁን አርጥቤ፣ ሳሙና አስነክቼ በደህና እጃቸው አስይዛቸዋለሁ። «ዞር በይ ልጄ» ይሉኛል። «ዞሬያለሁ አባባ» እላለሁ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መኪና ማቆሚያውን እያየሁ እቆማለሁ። አንሶላው ሥር የደረሱበትን ያብሳሉ፣ ያልደረሱበት ይቀራል። አንድ እጅ ያለው ሰው የት የት እንደሚደርስ አስቡት። ዳይፐራቸውን እንኳ አንሶላው ሥር እጄን ከትቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ በዳበሳ ነበር የምቀይረው። ሲያበቃ ሳፋውን አምጥቼ እግራቸውን አጥባለሁ። እግር ማጠብ ወግ ነው፣ ነውር የለበትም።

እግራቸውን ሳጥብ ይመርቁኛል። «እጅሽ ይባረክ። ከክፉ ይሰውርሽ። የወለድሻቸውን ይባርክልሽ፣ ያልወለድሻቸውን ይስጥሽ።» እኔ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ። አሥር ዓመት በዚህ አገር ስኖር የመረቀኝ ሰው አልነበረም። ፍራንክፈርት ላይ ዳንኬ፣ አመሰግናለሁ የሚል ሞልቷል፣ የሚመርቅ ግን የለም። ለመድኩት። ከሥራ ስወጣ ቀና ብዬ ነበር አውቶቡስ የምሳፈረው። አሁን ሳስበው፣ ለእሳቸው ክብር ብቻ አልነበረም ያደረግሁት። ከገለጥኳቸው ምርቃቱ እንዳይቀርብኝ ፈርቻለሁ።

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር የምትኖር። እሑድ እሑድ ትመጣለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በጀርመንኛ ነው። አንድ ቀን ተንበርክኬ እግራቸውን ሳጥብ ደረሰችና በሩን ተደግፋ አለቀሰች። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አባቴ ሰው ሆነ አለችኝ። የፎቁ አለቃም ደስ ብሏታል፤ ጩኸት ቀረላት። «የአንቺ ሰው ናቸው» ብላ ሙሉ በሙሉ ለቀቀችልኝ። እኔም ኮራሁ።

አልጋው አጠገብ ወረቀት ተንጠልጥሏል። በየሁለት ሰዓቱ ወዴት እንደተገላበጡ ይጻፋል፣ ቆዳው ደህና መሆኑ ይጻፋል፣ ይፈረማል። «ላገላብጥዎ አባባ?» እላለሁ። «ተይኝ ልጄ፣ ገና አሁን መመቸቴ ነው» ይላሉ። «እሺ አባባ።» ትከሻቸው ሥር ትንሽ ትራስ ወሸቅ አድርጌ እፈርማለሁ። ግማሹን ቀን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስለሚውሉ ምንም አልሆኑም። ምንም ባለመሆናቸው እኔ ልክ የሆንኩ መሰለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤቱን ጉንፋን ገባበት። ግማሹ ሠራተኛ ክራንክ፣ ታምሜያለሁ ብሎ ቀረ። እኔ ዐሥር ቀን ያለ ዕረፍት ገባሁ። እሳቸውም ትኩሳት ያዛቸውና ከአልጋ መነሣት ተዉ። ምግብ አልበላ አሉ፤ በጀርባቸው ተኝተው ጣራ ያያሉ። ለሁለት ፎቅ ብቻውን የሚያድረው ተረኛም የእኔን ወረቀት አይቶ፣ ደህና ናቸው ብሎ፣ ስድባቸውንም ፈርቶ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ማን ይጠራጠራል?

በስድስተኛው ቀን «አልጋው ቆረቆረኝ» አሉኝ። አንሶላውን ወጠርኩላቸው። «አሁንስ አባባ?» «ይሻላል፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ጭራሽ መረቁኝ።

በስምንተኛው ቀን ዳይፐሩን ስዳብስ ጣቴ እርጥብ ነገር ነካ። ሽንት ነው አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ክፍሉ ሸተተኝ፤ መስኮቱን ከፈትኩ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፣ ማንም አስታማሚ አንዴ ከሸተተው አይረሳውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በዐሥረኛው ቀን የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዤ ቆምኩ። «አባባ፣ ዛሬስ ትንሽ ልይዎት» አልኩ። «ተይ ልጄ። አንቺ እንኳ አታዋርጂኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። እኔ፣ ያቺ ምላሰኛ፣ ያቺ ማንንም የማልሰማ፣ «እሺ አባባ» ብዬ ብርድ ልብሱን መለስኩት። ወረቀቱ ላይም ፈረምኩ።

በማግስቱ ዕረፍቴ ነበር። ረፋዱ ላይ አለቃዬ ደወለች፤ ነይ ብቻ አለችኝ። ስደርስ ሁለት ሆነው በጎን አስተኝተዋቸዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አለቃዬ ፋሻውን አነሣችልኝ። ከወገባቸው በታች ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል። አጥንት ነው። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ወደ ቢሮዋ ወስዳ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ከላይ እስከ ታች የእኔ ፊርማ።

«አይተሻል?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ለምን?»

ምን ልበላት? «ስለማከብራቸው ነው» አልኳት። ብትጮህብኝ በወደድኩ። አልጮኸችም። «አሥራ ሁለት ቁጥርንስ አታከብሪያትም ማለት ነው?» አለች።

ሆስፒታል ወስደው የሞተውን ሥጋ ቆረጡ። ቁስሉ ግን ደማቸውን መርዞት ኖሯል። ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም ብለው በሁለት ሳምንታቸው መለሷቸው። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ለሁላችንም ስለ አልጋ ቁስል የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለልጃቸው የተነገራት ደግሞ ጉንፋኑና ዕድሜው ያመጣው ነው የሚል ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት «ዞር በይ» የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም። በየሁለት ሰዓቱ ሁለት ሆነን እናገላብጣቸዋለን፤ እኔ ሁልጊዜ በፊታቸው በኩል ሆኜ እይዛለሁ፣ ጀርባቸውን የምታየው ሌላዋ ናት። የቁስል ሐኪም ይገባል፣ ተለማማጅ ይገባል፣ ፎቶ የሚያነሣ ይገባል፤ ሁሉም እዚያው ኀፍረታቸው ላይ ያጎነብሳል። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርዳል። ከአንድ ሰው፣ ከእኔ ብቻ ልደብቀው ያልኩትን ገላ አገር አየው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እግራቸውን ሳጥብ ከዚያ በኋላ አልመረቁኝም። ተቀይመው ይሁን ደክሟቸው አላውቅም፤ መጠየቅም ፈራሁ።

ማለዳ ላይ አረፉ። በእኛ ወግ ወንድን የሚያጥብ ወንድ ነው። ልጃቸው ግን እጄን ይዛ በጀርመንኛ ሌላ ሰው አይንካው፣ አንቺ እጠቢው አለችኝ። እሺ አልኳት።

በሩን ዘጋሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። «አባባ፣ ላገላብጥዎ ነው» አልኩ እንደ ልማዴ፣ ቆምኩም፤ መልስ እየጠበቅሁ ኖሯል። አንድ እጄን ትከሻቸው ላይ፣ አንድ እጄን ዳሌያቸው ላይ አድርጌ ወደ ጎን አዞርኳቸው። ቀለሉኝ። ጀርባቸውን ከማጅራታቸው ጀምሬ አጠብኩ። በሁለቱ ትከሻቸው መሐል የልጅነት ጠባሳ ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ ሳጥባቸው ኖሬ አላውቀውም። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ፤ የፈራሁትን ሁሉ አየሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር የተፈለገብኝ። ሳፋው ላይ አጎንብሼ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ፎጣ ነክሼ አለቀስኩ።

ስወጣ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አቀፈችኝ። ከዚያ ተናግራው በማታውቀው አማርኛ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየለየች፣ «አባቴን አከበርሽው። አመሰግናለሁ» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፣ ማርያምን ልነግራት ነበር። የወጣው ግን «ምንም አይደለም» የሚለው ነው። ምንም አይደለም! አንድ ሰው በስብሶ ሞቶ ምንም አይደለም።

የጀርመናዊቷ አሮጊት መገላበጫ ሰዓት ደርሷል። እጄን ታጥቤ አሥራ ሁለት ቁጥር ገባሁ። በትከሻዋና በዳሌዋ ይዤ ገለበጥኳት፣ ልብሷን ገለጥኩ። ዳሌዋ አጥንት ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ቦታ አለ። በጣቴ ጫንኩና ለቀቅሁ፤ ነጣ፣ ወዲያው ተመለሰ። ጀርባዋ ደህና ነው። ፈረምኩ።

«አንቺ ሰይጣን!» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ እቀልድባት ነበር። «አዎ፣ ነኝ» አልኳት።